ፈረስ ማሰሪያ የሌለው ግቢ

እኅቴ የገባችበት ማሠልጠኛ ከደጃችን ቆመው ሲያዩት ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ይመስላል። የተሠራው ከሮቤ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቀድሞ የገብስ ማሳ በነበረ ሜዳ ላይ ነው። እኛ ከጀርባው ነበርን። በእኛና በግቢው መካከል ረግረግ አለ፤ በረግረጉ ላይ ደግሞ የአካባቢው ሰው ድንጋይ ደልድሎ ያበጀው የፈረስ መንገድ ያልፋል።

የእኅቴ አንድ እግር በልጅነቷ በያዛት በሽታ ሰልሏል። ባሌ ውስጥ ይህ ሰውን ከቤት አያስቀርም፤ ፈረስ አለ። አባቴ ገና በልጅነቷ ኮርቻ ላይ አወጣትና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ በፈረስ ተመላለሰች። አስተማሪ ልትሆን ማሠልጠኛው ሲቀበላት ግን መኝታ ከለከሏት። «ቅርብ ናችሁ፣ ከቤት ተመላለሺ» ተባለች። ቅርብ! ይህችን ቃል ከዚያ ወዲህ ስሰማ ያመኛል።

መጀመሪያ ላይ አልተቸገረችም። በድንጋዩ መንገድ ትሄድና ፈረሷን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ካለች ግራር ሥር ታስረዋለች፤ ማታ ፈትታ ትመለሳለች። ችግሩ የመጣው ግቢው አጥር ሊታጠር ነው ሲባል ነው።

አንድ ቀን ቀበሌው ነዋሪውን ሁሉ ጠራ። ስለ ግቢው አሠራርና ስለ መመላለሻው «የሰፊው ሕዝብ አስተያየት» ይሰበሰባል ተባለ፤ መቅረት አይቻልም። እኔም ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ከጎባ የመጡ ጓዶች ካኪያቸውን ለብሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የግቢው ፕላን ተለጥፏል። ሰብሳቢው በዘንግ እየነካ አስረዳን። አጥሩ ዙሪያውን ሽቦ ነው። በሩ አንድ ነው፤ እሱም እንግዳ ሲመጣ እንዲያምር በዋናው መንገድ በኩል። ለኃላፊው ላንድሮቨር ጥላ ያለው ማቆሚያ ተነድፎለታል። የማሠልጠኛው ካሚዮን ሠልጣኞችን ከጎባ ያመላልሳል፤ ወደ መንደራችን በሚያስገባው መገንጠያ ላይ ግን አይቆምም። የኛ መንገድ ፕላኑ ላይ የለም። ሰው ሁሉ በፈረስ በሚሄድበት አገር፣ ሙሉ ግቢ ተነድፎ አንድ ፈረስ የሚታሰርበት ግንድ አልተተከለም። እንደዚህ ዓይነት ፕላን ለማውጣት ሰው ስንት ዓመት ይማራል እያልኩ አስብ ነበር።

ሰብሳቢው «አስተያየት!» አለ። መጀመሪያ በዕድሜ ትልቁ እንዲናገር ተጠየቀ፤ ትልቁ አባቴ ነበር።

አባቴ ዘንጉን ተደግፎ ተነሣ። ሰላምታውን ሰጠ፤ እንግዶቹን፣ ግቢውን፣ የሚማሩትን ልጆች ሁሉ በኦሮምኛ መረቀ። «ሆራ ቡላ!»፣ ርቡ፣ ኑሩ፣ ሲል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተቀበሉት። መጨረሻ ላይ «ዱቢን ሃ ቡልቱ» ብሎ ተቀመጠ። ነገሩ ይደር ማለቱ ነው።

በኛ ዘንድ ትልቅ ነገር በሰማህበት ቀን አይመለስም። የመጣውን እንግዳ ትመርቃለህ፤ ቤትህ ገብተህ ትመካከራለህ፤ አሳድረህ በማግሥቱ የልብህን ትናገራለህ። በዚያው ቀን ዘሎ የሚናገር ሰው ያላሰበ ሰው ነው፤ ሽማግሌ ተብሎም አይጠራም። አባቴ «ይደር» ሲል «የምንለው ብዙ አለን» ማለቱ ነበር፤ ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

ከጓዶቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ የጎባ ልጅ ነው፤ ይህን ባህል ከናቱ ጡት ጋር የጠባ። «መርቀዋል፤ ነገሩ ይደር ብለዋል» አለ፤ ቃሉን አላጎደለም። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር ትንፍሽ አላለም። «ነገ የሚሉት አላቸው» ብሎ ቢጨምር ምላሱ አይቆረጥም ነበር። እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት እሱን ነው።

ሰብሳቢው ፈገግ አለና «መልካም፣ አባት መርቀውናል። ተቃውሞ ያለው?» አለ። ማን ይናገራል? ነገሩ እንዲያድር ተወስኗል። «እንግዲህ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ። ተጨበጨበ። ሽማግሌዎቹም ስብሰባው በሰላም ተፈጸመ ብለው አብረው አጨበጨቡ። ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰምተን ተበተንን።

ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። እንደዚያ ያለ ምክክር አይቼ አላውቅም። በረግረጉ በኩል አንዲት ጠባብ በር ይተዉልን፤ ከበሩ አጠገብ የፈረስ ማሰሪያ እኛው እንትከል፤ ካሚዮኑም እግረ መንገዱን መገንጠያው ላይ ይቁም። ለበሩ ዘበኛ ቢያስፈልግ በተራ እናቆማለን አሉ። እንጨቱንም እናዋጣለን አሉ። እኅቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ትሰማ ነበር፤ ስትስቅ ሰማኋት።

በማግሥቱ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በፈረስ ሆነው ሄዱ። አዳራሹ ተቆልፏል። ጓዶቹ በዚያው በስብሰባው ዕለት ወደ ጎባ ተመልሰዋል። አባቴ ሌሎቹን አሰናብቶ ጎባ ድረስ ጋለበ። ማታ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«ሰብሳቢው ‹ትናንት ለምን አልተናገሩም?› አለኝ» አለን። «‹ትናንትማ ሰማን፤ ዛሬ ልንናገር መጣን› አልኩት። ‹አባት፣ አብዮት አያድርም› አለኝና ሳቀ።»

ሽቦው ታጠረ። ግራሯ ተቆረጠች። ከዚያ በኋላ እኅቴ በዋናው በር ለመግባት ረግረጉን ሙሉ ዞራ ማሳ ለማሳ መሄድ ነበረባት። ከበሩ ስትደርስ ደግሞ ዘበኛው «ፈረስ እዚህ አይታሰርም፣ የግቢውን ገጽታ ያበላሻል» ይላል። ስለዚህ እኔ ከኋላዋ ተፈናጥጬ እሄዳለሁ፤ እሷን አውርጄ ፈረሱን እመልሳለሁ፤ ማታ ደግሞ ይዤላት እሄዳለሁ። የኔ ትምህርት ገደል ገባ፤ ግድ አልሰጠኝም። ክረምቱ ሲገባ ግን ማሳው ሁሉ ጭቃ ሆነና ፈረሱ ይሰምጥ ጀመር። ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ካሚዮኑ አጠገባችን ጭቃ እየረጨ ያልፋል። አንድ ጠዋት ፈረሱን አዳልጦት ከነኮርቻዋ ወደቀች፤ ደኅናው እግሯ ተጎዳ። ስትድን ቀሪ በዝቶባታል ተብላ ከሥልጠናው ተሰረዘች።

ከዓመት በኋላ በረግረጉ በኩል በር ተከፈተ። የኃላፊው ላሞች ለመስክ እንዲወጡ ነው። ሽቦውን ሲቆርጡ ከደጃችን ቆመን አየን። እናቴ ረገመች፤ አባቴ ቤት ገባ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ስብሰባ ላይ ሰው ሳይጠይቀው ብድግ ብሎ ይናገራል። ምርቃት የለ፣ ሰላምታ የለ፤ ሰብሳቢው ሳይጨርስ ያቋርጠዋል። ከመንደሩ ሰው ጋር በጀማ ወጥተው ሼክ ሁሴን ሊሳለሙ ሲጓዙ እንኳ ነገር ሳያሳድር ይፈርዳል እየተባለ ይታማ ጀመር። ጓደኞቹ «ምን ነካው?» ይሉ ነበር። የነካውን እኛ እናውቃለን።

እኅቴ ቤት በተቀመጠች በሁለተኛው ዓመት ከጎሮ ሽማግሌዎች መጡ። ለአንድ ነጋዴ ሊጠይቋት ነው፤ ሰውዬው ሚስቱ ሞታበት ልጆች የሚያሳድግ በዕድሜ የገፋ ነው። እኛ አልፈራንም። ልጅ በመጀመሪያ ቀን አይሰጥም፤ ያውቁታል፣ ይመላለሳሉ፣ እስከዚያ ልጅቷ ትጠየቃለች። እኅቴ እንዲያውም ማሠልጠኛው መልሶ እንዲቀበላት ማመልከቻ አስገብታ መልስ እየጠበቀች ነበር። ሽማግሌዎቹ ገና ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ አባቴ አቋረጣቸው።

«ሰጥቻለሁ» አለ።

እንግዶቹ ራሳቸው ደነገጡ፤ አንደኛው «እንዴ፣ አይደርም?» ብሎ ጠየቀ። «ያሳደርኩት ምን ጠቀመኝ?» አለ አባቴ።

እኅቴ ከመጋረጃው ኋላ ሰማች። እንግዶቹ ሲወጡ ግድግዳ ይዛ መጥታ ፊቱ ቆመች። ጮኻ ተናግራው አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸችም።

«አባባ» አለችው፣ «የእኔን ነገር ብቻ እንኳ ቢያሳድሩልኝ ምን ነበረበት?»