የማይጠልቅ መሠረት

ከቤቷ ጋር ለምታስቀጥለው ክፍል መሠረቱ ምን ያህል ይቆፈር፣ ወለሉስ ጣውላ ይሁን ሊሾ ብላ ልታማክረው የጠራችው ሽማግሌ ግንበኛ ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም። ኮቱን እስከ አንገቱ እንደቆለፈ፣ ወንድሟ ያስጀመረውን ከጉልበት የማያልፍ መሠረት በተረከዙ ረገጥ አድርጎ አየና ደሙ ፈላ። መዶሻ አንስቶ ድንጋዩን ያደቀው ጀመር። ወንድሟ ሊያስቆመው ቢጠጋ ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«አባባ፣ ይልቀቁት፤ ሊሞትብኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ወለሉን እንደወደድሽ አንጥፊ፤ መሠረቱ ግን እንዲህ ከሆነ መቃብር ነው» አላት። «እኔ ቸኩዬ ከሠራሁት ቤት ፍርስራሽ ሥር ሁለት ልጆቼን በእነዚህ ጣቶች ቆፍሬ አውጥቻለሁ።»

ጣቶቹ ጥፍር አልነበራቸውም።

ወንድሟን ለቀቀና ዶማ አንስቶ መቆፈር ጀመረ። ወንድሟ አንገቱን እያሻሸ ጥቂት ቆሞ አየው፤ ከዚያ አካፋ ይዞ አጠገቡ ወረደ።