ያልተደፈነው ጉድጓድ

ጉድጓዱ የተቆፈረው ልጄ ሳትወለድ ነው። ሮብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ ለወሊድ ወደ ደብረ ማርቆስ ልንወርድ ስንል በዋዜማው ባሌ ቆፈረው፤ ያዘዙት እናቱ፣ አማቴ ናቸው። በእነሱ ዘንድ የእንግዴ ልጅ የትም አይጣልም፤ ልጁ በሚያድግበት ግቢ ይቀበራል። ወጉ ግን ከወሊድ በኋላ መቆፈር ነው። ባሌ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ስለሚሰነብት፣ እሳቸውም የመቆፈር ጉልበት ስለሌላቸው፣ ቀደም ብሎ ይዘጋጅ አሉ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ደስ ባይለኝም ስቄ አለፍኩት።

ከዚያ በፊት ሁለት ወንዶች በኦፕራሲዮን ወልጄ ሁለቱም አልቆዩልኝም። በሦስተኛው እርግዝና ዶክተሯ በአልትራሳውንዱ ሆዴን ደጋግማ አየች። የእንግዴ ልጁ በድሮው ጠባሳ ላይ ተጣብቆ ሥር ሰዷል አለችኝ። በግድ ይላቀቅ ቢባል ደሙ አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ ማህፀኑም አብሮ ይወጣል። ማህፀኔን አልሰጥም አልኩ። ግትር የሚሉኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ይቺም እንደ ወንድሞቿ ባትቆይልኝስ? ዶክተሯ አስባ አስባ ሌላ መንገድ ነገረችኝ፤ ልጅቷን አውጥቶ፣ እትብቱን አሳጥሮ ቋጥሮ፣ የእንግዴ ልጁን ሳይነኩ ማህፀኑን መልሶ መስፋት። ሰውነቴ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። እስከዚያ ብርቱ ደም ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ማህፀኑን ከማውጣት ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ከሐኪም ቤቱ መራቅ የለብኝም። ፈረምኩ።

ልጅቷ ግንቦት ላይ በደህና መጣች። በማግስቱ አማቴ በሚኒባስ ደርሰው ልጅቷን ሳሟትና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የእንግዴ ልጁን ስጡኝ ማለታቸው ነበር። ባሌ ወለሉን አየ። እዚሁ ሆዴ ውስጥ እንዳለ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ሆዴን ብዙ አዩት።

«ታዲያ ጉድጓዱን ምን ልበለው?» አሉ።

ይደፈን አልኳቸው። ባዶውን አይደፈንም፤ የተቆፈረበትን ሳይቀበል አፉ ከተዘጋ ሌላ ይፈልጋል አሉኝ። ማንን እንደሚፈልግ አልጠየቅኳቸውም። ቤት ተመልሰው ሳንቃ አልብሰው ተውት።

ባሌ ወደ ቤት ሲመለስ፣ እኔ ሐኪም ቤቱ አጠገብ ክፍል ተከራይቼ ከእህቴ ጋር ተቀመጥኩ። ልጅቷ ጡት ስትይዝ ሆዴ ውስጥ ያለው ይኮማተራል። ጡት ማጥባት ማህፀንን እንደሚያኮማትር መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ። ቢሆንም ሁለት የማጠባ ይመስለኝ ጀመር። ልጅቷ ስትተኛ ያኛው ይነቃል። ገላዬን ስታጠብ እጄ ከእምብርቴ በታች ሲደርስ ፈጠን ብሎ ያልፋል። እህቴ አንዱን ወልደሽ አንዱን ደብቀሻል እያለች ትቀልድብኛለች፤ አንድ ቀን ጮኼባት ተወችው።

አማቴ በየቀኑ ይደውላሉ። ስለ ልጅቷ ይጠይቁና ቀጥለው «ያኛውስ?» ይላሉ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ሥጋ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም አልኳቸው። በኋላ በኋላ ግን «ደህና ነው» እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ራሴን ስሰማው ስልኩን ዘጋሁት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነስታ ሳምንት ሳይሞላ፣ በክረምቱ መሃል፣ ደም መጣ። እህቴ በባጃጅ ይዛኝ ስትሮጥ ወንበሩ ከሥሬ ረጠበ። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተዘጋጀ፤ ዶክተሯ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ደም ሰጡኝ። የፈራሁት መሞትን ሳይሆን ባዶ ሆኜ መዳንን ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቀትር ላይ ደሙ እየቀነሰ ሄደ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢቀጥል ማህፀንሽን አወጣው ነበር አለችኝ። ባሌ በኋላ እንደነገረኝ፣ በዚያው ጠዋት ሳንቃው ከጉድጓዱ ላይ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ተገኝቷል። ማን እንዳነሳው የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ታኅሣሥ ላይ ማህፀኔ ባዶ ሆኖ ታየ። ደህና፣ ሙሉ፣ የእኔ። የእንግዴ ልጁ የት ሄደ ብዬ ዶክተሯን ብጠይቃት፣ ደምሽ ወሰደው አለችኝ። ይህንኑ ለአማቴ በስልክ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ አንች ነሻ የያዝሽው» አሉ። «ነይ።»

ጓሮ ስደርስ ጫማዬን አስወልቀው ጉድጓዱ ውስጥ ግቢ አሉኝ። ግትሯ እኔ እሺ ብዬ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ቀኑ የጮቄ ተራራ ብርድ የወረደበት ነበር፤ ከታች ያለው አፈር ግን ሞቅ ይላል። ለመውጣት እጄን ዘረጋሁ፤ አልያዙኝም። ከወገቤ በታች እያዩ ቆሙ። ልጄም በአባቷ ክንድ ላይ ሆና ወደዚያው ታያለች።

«አንተ ግባ» አሉት አማቴ ያኛውን፣ በዝግታ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «አንች ውጭ።»

ወጣሁ። ባሌ ልጅቷን ሰጥቶኝ አፈሩን ይመልስ ጀመር። ማህፀኔ ተርፏል፣ ልጄ እቅፌ ውስጥ ናት፤ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አማቴ ትከሻዬን ነካ አድርገው ነጠላዬን አሳዩኝ። ለለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቄዋለሁ። መቼ እንዳዘቀዘቅኩት አላውቅም፤ አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ግን አላስተካከልኩትም።