ዱዓ የተደረገበት ብሎን

በዚያ ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበርነው ባሌ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ከደሴ የመጣው መካኒክ፣ ልጄና እኔ ነን። አሮጌዋ ፒክአፕ ኮፈኗን ከፍታ መሃላችን ቆማለች።

ልጄ በእሷ ከከሚሴ ሰንበቴ ገበያተኛ ያመላልስ ነበር። ቤንዚን በጣም ስለምትበላ ግን ለእሱ የሚተርፈው ድካሙ ነው። እኩዮቹ በባሕር ወደ ሳዑዲ ተሻግረዋል። እሱም «ይቺ መኪና ካላበላችኝ እሄዳለሁ» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

መካኒኩ ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ፣ አንዲት ካቻቢቴ ይዞ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም ይንጎራደዳል። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ብሎን አጥብቆ አጥብቆ ሲያበቃ፣

«ደሴ ስንቱን መኪና እንዲህ አድርጌ ሰደድኩ! ከእንግዲህ ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም» አለ።

«ደሴ ደጋ ነው፣ እዚህ ሙቀት ነው። ደግሞ አሁን ባዶዋን ናት። ሰው ጭናችሁ ብትሞክሯትስ?» አልኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ወጡን ይመጥኑ!»

ባሌ ሳቀ። እኔ ግን ለወጥ እንኳ እሳቱን የምመጥነው የድስቱን ሙላት አይቼ ነው። ያ ጉረኛ ይህን ያህል እንኳ አያውቅም።

የባሌ ወንድም እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ «ጥቂቱን አላህ ያብቃቃላችሁ» አለ። አሚን አልን። ለልጄ መስሎኝ እኔም አሚን አልኩ። ለካ ለብሎኑ ኖሯል! ባዶዋን እስከ ጨፋ ሮቢት ሜዳ ለሜዳ ነድተው እየሳቁ ተመለሱ።

በገበያው ቀን ሰውና ፍየል ተጭኖ፣ ባሌ ከፊት ከልጄ ጎን፣ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሄድን። ጨፋ ሮቢትን እንዳለፍን መኪናዋ መሳልና መትፋት ጀመረች። ልጄ አቁሞ ቤንዚኑን ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዷን ፈትቶ በጨርቅ ሲያወጣ አውራ ጣቱን አቃጠለችው። ካንዴላዋ እንደ ጠመኔ ነጥታለች።

«አባባ፣ ቤንዚን አንሷት ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ብሎኑን ግማሽ ዙር ላላላት።»

«ዱዓ የተደረገበትን ልትፈታ? ንዳው!» አለ ባሌ። ብሎን ለመንካት አላህን የሚፈራ ሰው፣ ልጁ የነገረውን ለመስማት ግን ኮራ።

ልጄ ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ «ሃዳ ኮ» አለኝ፣ እናቴ እንደማለት። እንድናገርለት ነበር። ሰው ፊት ባሌን መቃወም ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሰንበቴ ሳንደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። ገበያተኛው ፍየሉን እየጎተተ በእግሩ ሄደ። መካኒኩ ተጠርቶ መጣና «ቡዳ በልቷት ነው» አለ። ወንዶቹም አመኑት!

በሳምንቱ ልጄ ሄደ። በጅቡቲ በኩል ነው አሉ። ቀጠን ያለ፣ ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት ነው። ያየው ወይም ወሬውን የሰማ ካለ፣ እባካችሁ ከሚሴ ላለሁት ለእናቱ ንገሩኝ።