መልካውን የሚጠብቁልን

ከወለንጪቲ ወደ አዋሽ ሲወረድ አንድ መልካ አለ፤ ውሃው ስስ ስለሆነ ከብት የሚሻገርበት ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ከእኛ የተሰረቀ በዚያ ይሻገራል፣ ከማዶ የተሰረቀም በዚያው ወደ እኛ ይመጣል። የሁለቱ ዳር ሽማግሌዎች ይህ ቢያንገሸግሻቸው ተማከሩና መልካው ላይ ጠመንጃ የያዙ ጠባቂዎች አቆሙ። ቀለባቸው ከየቤቱ ይዋጣል። ሚስቴ ስታጉረመርም፣ ሰላም በነፃ አይገኝም እያልኩ ጤፌን ሞልቼ እሰፍር ነበር። የጠባቂዎቹ አለቃ ደግሞ አበልጄ ነው፤ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። ለእሱ የሰጠሁት ከቤቴ የወጣ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሁለቱ በሬዎቼ ተሰረቁ። ሌላ የለኝም። መሬቱ ጦም ካደረ ልጄን ይዤ የሰው ደጅ መጥናቴ ነው።

ለሁለቱም ዳር አውጫጭኝ ተጠራ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ያየ የሰማ እስኪናገር ድረስ ቤቱ አይገባም። ተራ በተራ እየተነሳን ማልን። እኔ የጎረቤቶቼን ፊት ስመረምር ሰነበትኩ፤ ከማዶ የመጡትንማ በክፉ ዓይን ነበር የማያቸው። አበልጄ ማንም ሾልኮ እንዳይሄድ ጠመንጃውን አንግቶ ዙሪያችንን ይዞራል። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አይዞህ አለኝ፣ እንባዬ መጣ።

ተራው ከማዶ የመጡ አንድ የአርሲ አዛውንት ጋ ደረሰ። እሳቸው በመማል ፈንታ ዱላቸውን ወደ ጠባቂዎቹ ዘረጉ።

«በሬ ክንፍ የለውም» አሉ። «በመልካው ነው የሚሻገረው። መልካው ላይ የነበሩት ቆመዋል፣ የምንምለው እኛ ነን። እነሱስ ለምን አይቀመጡም?»

ሁላችንም ወደ ጠባቂዎቹ ዞርን። ያን ሁሉ ቀን ይህ ለማናችንም አልታየንም። ጠባቂ ይጠብቃል እንጂ ይጠየቃል ብሎ ማን አሰበ?

አበልጄን አስቀመጡት። በልጄ ክርስትና ማል ሲሉት አልማለም። ቀለቡ እንዳልበቃቸው፣ በሬዎቹንም አሻግሮ ለነጋዴ እንደሸጣቸው መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ከአገሩ በሬ ሁሉ ለምን የእኔን?» አልኩት።

«አንተ አትጠረጥረኝም ብዬ ነው» አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔን የጣለኝ ደግሞ ራሴ የቀለብኩት ነው። ያንገበገበኝ ስርቆቱ አይደለም፣ እምነቴን አስልቶ መግባቱ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በካሳ ሌሎች በሬዎች አገኘሁና አረስኩ። መልካው ላይም ሌሎች ጠባቂዎች ቆሙ፤ ቀለብ ሰብሳቢው ሲመጣ እንደ ወትሮው እሰፍርለት ነበር። በሬዎቼን ግን ከዚያ ወዲህ ጎጆዬ ውስጥ፣ ከምተኛበት መደብ አጠገብ ነው የማስራቸው።