የሀጂ መኪና ክንፍ

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሶዶ ውስጥ በስፖርት መኪና የሚሄድ እኔ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሳቸውም ወጣት አልነበሩም። ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሀጂ ነበሩ። መኪናዋ ነጭ፣ ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች የጃፓን ሥሪት ናት። በቤሌ መንገድ ጠጠር ላይ ሆዷን እያስፋቀች ስትሄድ ገበሬው ሥራውን አቁሞ ያያታል። ሀጂ ግን ምንም አይመስላቸውም፤ «በልጅነቴ ያማረኝን በሽምግልናዬ አገኘሁ» ይሉ ነበር።

እኔ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የተጨማደደ ላሜራ አቃናለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ይህን ሁሉ ያስተማሩኝ ከመናኸሪያው በታች የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ፣ መርቀው ነበር የለቀቁኝ።

አንድ ጠዋት ሀጂ አሥረኛ ክፍል ከምትማር ልጃቸው ጋር መጡና ከኋላ ወንበር ረጅም ካርቶን አወጡ። ውስጡ ስፖይለር ነበር፤ እኛ ክንፍ የምንለው፣ ከኋላ ኮፈን፣ ከዕቃ መጫኛው ክዳን ላይ የሚገጠመው። ፋብሪካው ይህን ዕቃ የሚጨምረው ለፈለገ ገዢ ብቻ ነው፤ የሀጂ መኪና ደግሞ ያለ ክንፍ ነው የመጣችው። ዱባይ ያለ የወንድማቸው ልጅ ዋናውን፣ የፋብሪካውን፣ ከነቀለሙ ፈልጎ ላከላቸው።

«ስፈጥን ጭራዋ ይቀልብኛል» አሉ። «ይሄ ነፋሱን ይዞ ወደ መሬት ይጫናታል አሉኝ።»

ከካርቶኑ አራት ቡሎንና አንድ ሰፊ ወረቀት ወጣ። ወረቀቱ ኮፈኑ ላይ ይለጠፍና ምልክት ያለበት ቦታ ይበሳል። ምልክቱ ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ ቀይና ጥቁር፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ሳገላብጠው ልጅቷ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ላንብብልህ?»

«ይሄ የጋራዥ እንግሊዝኛ ነው፣ አንቺ አልተማርሽውም» አልኳት።

መኪናዋን ለማየት የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ ውጭ ወጣች። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ከወረቀቱ አንድ መስመር እንኳ አልገባኝም ነበር።

ከሰዓት እንዲመለሱ ነግሬ ሸኘኋቸውና በቀዩ ምልክት አራት ቀዳዳ በሳሁ። ክንፉን ሳስቀምጠው ቡሎኖቹ ከቀዳዳዎቹ ሁለት ጣት ያህል ራቁ። ቀዩ ምልክት ለሌላ ዓመት ምርት ኖሯል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ለሀጂ መናገር፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ መድፈን፣ ኮፈኑን እንደገና መቀባት። እኔ ግን ስቱኮ ጠቅጥቄ በላዩ ነጭ ቀለም አስኬድኩበትና በጥቁሩ ምልክት ሌላ አራት በሳሁ። የክንፉ እግሮች ጉዴን ሸፈኑልኝ። ሀጂ መጥተው ዙሪያዋን ዞሩና «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ክረምት ገባ። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ፣ ሀጂ ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ልብስ ሊገዙ አዲስ አበባ ደርሰው ተመለሱ። ኮፈኑን ሲከፍቱ ልብሱ ውሃ ውስጥ ተኝቷል፤ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ነጩን ሁሉ አበላሽቶታል። የጠጠሩ መንገድ ስቱኮዬን ሰነጣጥቆት ነበር። አንዱን ቀሚስ ይዘው መጡና አሳዩኝ።

«ከየት ነው የሚገባው?»

አፌ ውስጥ እውነቱ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «የኮፈኑ ዙሪያ ጎማ ይሆናል። አምና ማን ነበር የቀየረልዎት?»

ማን እንደቀየረው አሳምሬ አውቃለሁ። አስተማሪዬ ናቸው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሀጂ ሽማግሌውን ይዘው ተመለሱ። ሽማግሌው አንድ ባልዲ ውሃ አስመጡና ራሳቸውን ወደ ኮፈኑ ውስጥ አስገብተው፣ «ከላይ አፍስስ» አሉኝ። አፈሰስኩ። ትንሽ ቆይተው «ና እስቲ» አሉ። እጄን ይዘው ጣቴን ከክንፉ ሥር ባለው ቀዳዳ ላይ አሳረፉት። ስቱኮው እንደ እርጥብ አፈር ተፈረፈረ። ሀጂ ከኋላችን ቆመዋል። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው ወጡ።

«ጎማው ነው፣ ሀጂ። የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪናዋን እኔ ጋ ያሳድሯት» አሉ።

እኔ እጄ ላይ የቀረውን ስቱኮ በሱሪዬ ጠረግሁ።

ክንፉን ፈተው፣ የኔን ቀዳዳዎች በይደው፣ ቀብተው መልሰው ገጠሙት። ከዚያ በኋላ ውሃ አልገባም። ሀጂ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «የሽማግሌው እጅ ደክሟል» ይሉ ነበር። የሀጂ ቃል በሱቁም በመናኸሪያውም ይሰማል። የሽማግሌው ደንበኛ ወደ እኔ መጣ፤ እኔም ተቀበልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ሄድኩባቸው። ደጃቸው ላይ አንድም መኪና የለም።

«ጋሼ፣ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

በወላይትኛ ነው የመለሱልኝ፤ ከልብ የሆነ ነገር ሲሆን አማርኛውን ይተዉታል። «ጣትህን እዚያ ያሳረፍኩት ራስህ እንድትናገር ነው። ጠበቅሁህ። ዝም ስትል፣ ያስተማርኩት ልጅ በሰው ፊት ሲዋረድ ከማይ እኔ ብዋረድ ይሻለኛል አልኩ።»

ያን ቀን እንኳ ወደ ሀጂ ሱቅ አልሄድኩም። በዓመቱ ሽማግሌው ቤታቸውን ዘግተው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ጉኑኖ ገቡ። ለሀጂ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሀጂ ጨርቅ እየጠቀለሉ ሰሙኝ፤ ስጨርስ ጥቅልሉን አስቀመጡ።

«የንጹሕ ሰው ስም አስጠፋኸኝ» አሉ። በማግስቱ አስከትለውኝ ጉኑኖ ወረዱ።

ሽማግሌው እንሰት መሐል ሲቆፍሩ አገኘናቸው። ሀጂ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ቆመው ይቅርታ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ደንግጠው ክንዳቸውን ያዙና ወደ ቤት አስገቧቸው፤ ሁለቱ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቻቸው ብዙ አወሩ። እኔንም ሽማግሌው «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ በደግ ድምፅ ነበር።

ሽማግሌው ግን ወደ ሶዶ አልተመለሱም። እኔ «እጁ ደክሟል» የሚለውን ወሬ የሰሙትን እየፈለግሁ እውነቱን ለመንገር ሞከርኩ። አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር እስከ መጨረሻው ሰማኝና «አሁን ምን ያደርጋል? እሳቸው እንደሆነ ሥራ ትተዋል» አለኝ። ከዚያም የተጋጨ መከላከያውን እንዳይለት ወደ መኪናው ይዞኝ ሄደ።