ስለ ቀለበቱ ጸለዩልኝ

መጀመሪያ ያየሁት አትላስ አካባቢ፣ አንድ ስቲም ቤት ውስጥ ነው። ከጂም ጓደኛዬ ጋር እንፋሎቱ ውስጥ ተቀምጠን ስናወራ ፎጣው ተንሸራተተና ብልቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀለበት ብልጭ አለች።

"በኢየሱስ ስም!" ብዬ ጮህኩ። የጴንጤ ልጅ ነኝ፤ ስደነግጥ ሌላ ቃል አይመጣልኝም።

"ምነው፣ እባብ አየህ እንዴ?" አለኝ እየሳቀ።

"አላመመህም?"

"አመመኝ እንጂ! ነፍሴ ልትወጣ ነበር።"

"ታዲያ ማን አስገደደህ?"

"ማንም። ያምራል፣ ፊሊንጉም ሌላ ነው። ፈለግኩ፣ ተበሳሁ፣ በቃ።"

ዓይኔን ከፎጣው ብነቅልም ሐሳቤን መንቀል አቃተኝ። አንድ ሰው ማንንም ሳያማክር፣ በዚያ ስስ ቦታ መርፌ አስገብቶ፣ ከዚያ ደግሞ እንደዚህ ተዝናንቶ ይቀመጣል! እኔ ገና በአራስነቴ ተገርዣለሁ፤ ፀጉሬን እናቴ፣ አለባበሴን ቤተ ክርስቲያንና መሥሪያ ቤት ወስነውልኛል። ወደ አርባ እየተጠጋሁ የራሴ የምለው አንድ ውሳኔ ገላዬ ላይ አልነበረም። ቀለበቷን ፈለግኳት፤ እውነቱ ይህ ነው።

ሩዋንዳ ሰፈር ክሊኒክ ያለው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አልሳቀብኝም። ደም በብዛት ሊፈስ እንደሚችል፣ ኢንፌክሽን እንደሚያሰጋ፣ ነርቭ ከተነካ ስሜት እንደሚቀንስ፣ ኮንዶም ሊቀደድ እንደሚችል ነገረኝ። ንጹሕ ቦታ፣ ልምድ ባለው እጅ ከተሠራ ብዙዎች በሰላም እንደሚድኑም አልደበቀኝም። "ግን እስኪድን ለወራት ከሚስትህ ትታቀባለህ" አለ። "ሽንትህም አቅጣጫ ሊስት ስለሚችል ቁጭ ብሎ መሽናት ልመድ።"

ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ ካለው ቤታችን ስደርስ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ "እንጸልይበት" አለች። ሁለታችን ብቻ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን የቤት ለቤት ኅብረት እኛ ሳሎን ተሰበሰበ። የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ባለቤቴ እጇን አወጣች። "ባለቤቴ ትንሽ ኦፕሬሽን አስቧል፤ ጌታ እንዲመራው ጸልዩለት።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሶፋው ላይ ከበው እጅ ጫኑብኝ። አንድ አዛውንት ወንድም ጮክ ብለው፣ "ጌታ ሆይ፣ የታመመችውን ብልት አንተ ዳስሳት!" አሉ። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነክሼ ሳለሁ አሜኑ ቤቱን ሞላው። ብልት ያሉት እንደ ቅዱስ መጽሐፉ፣ ማንኛውንም የአካል ክፍል ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ተቆጣሁ። "ምን ነካሽ?"

አልሳቀችም። "ያማል?" አለችኝ።

"ያማል።"

"ሰዎች ይይዙሃል?"

"ለምን ይይዙኛል? ፈልጌ አይደል የምሄደው?"

"እኔን ይዘውኝ ነበር" አለች። "ጎረቤቶቻችን ናቸው። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር።"

ባለቤቴ ያደገችው ደቡብ፣ ሴት ልጅ ትገረዝ በነበረበት አገር ነው። አውቅ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ ሁለታችንም እናውቃለን፤ በአንደበት ግን አንድም ቀን አልወጣም ነበር።

"ላስከለክልህ አይደለም ያስጸለይኩት" አለች። "ብትሄድ አብሬህ ሄጄ እጅህን እይዛለሁ። ሰው ስለ ገላው ሲወስን ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ።"

እንዲህ ዓይነት ሰው አጠገቤ ስትተኛ ኖራለች! ቂም የለ፣ ምሬት የለ። ፈራኋት፣ አከበርኳት፣ እንደ አዲስ ወደድኳት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እንደማልበሳ ነገርኳት። የቀለበቷ አምሮት ባይወጣልኝም ለወራት ከእሷ መራቁን አልፈለግኩም።

"እርግጠኛ ነህ?" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነኝ።"

"በእኔ ምክንያት እንዳይሆን።"

"አይደለም።"

"ጊዜ ውሰድና ደግመህ አስብበት" አለች፤ ሻዩን እየቀዳች። በዕድሜዬ ሙሉ ማንም ስለ ገላዬ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። የጠየቀችኝ ደግሞ እሷ ነበረች፤ ማንም ያልጠየቃት።