ንጎንግ ላይ የተጠራች እናት

ባንታየሁ እግሩ አርፎ አያውቅም። አገር ቤት ሳለ ከቀያሾች ጋር ቀይና ነጭ ዘንግ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ሲንከራተት ነው የጎለመሰው። ደርግ የመሥሪያ ቤቱን ሰው እየለቀመ ማሰር ሲጀምር ሞያሌን ተሻግሮ ናይሮቢ ገባ፤ ኪሊማኒ ውስጥ በእትዬ ሙሉመቤት ምግብ ቤት የዕቃ ቤት ኃላፊ ሆነ። ስድስቱን ቀን በበርበሬና በሽሮ መካከል ታፍኖ ይከርምና እሑድ ከቅዳሴ መልስ እግሩን ይፈታዋል። “ሰው እንጀራ ፍለጋ ይሰደዳል፤ ይሄ ግን ኮረብታ ፍለጋ ነው የመጣው” እያሉ የአገሩ ልጆች ይስቁበት ነበር። ይሳቁ! እነሱ አሥር ዓመት ናይሮቢ ኖረው ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ሌላ መንገድ አያውቁም።

እሱ ያውቃል። ፓርክላንድስ ያለው ሲቲ ፓርክ ውስጥ ሙዝ ከሰው እጅ የሚነጥቁትን ጦጣዎች በመልክ ይለያቸዋል። ከኪሌሌሽዋ ቁልቁል ወደ ዛፎቹ መናፈሻ የሚያስገባውን አቋራጭ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄደዋል። ወንበዴ አለበት እየተባለ የሚፈራውን የካሩራን ጫካ እንኳ እስከ ፏፏቴው ድረስ ዘልቆ አይቶታል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ንጎንግን ነበር፤ ከተማውን በአንድ ወገን፣ ስምጥ ሸለቆውን በሌላ ወገን አድርጎ የተጋደመውን ነፋሻ ኮረብታ።

አብሮት መራመድ የቻለችው የውብዳር ብቻ ነበረች። ሞያሌን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተሻግራ የመጣች የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ በነርስነት ለመመረቅ ጥቂት ወራት ቀርቷታል። ምሳዋን እትዬ ሙሉመቤት ዘንድ ትበላለች። ሌላው ሰው አንድ ዳገት ሲወጣ “ልቤ!” ብሎ ሲቀመጥ፣ እሷ ቀድማ ወጥታ “ፖሌ ፖሌ ጋሼ፣ አይቸኩሉ!” እያለች ታሾፍበታለች። ባንታየሁ ልጅ የለውም። እሑድ እሑድ ግን ያለው ይመስለው ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምት መግቢያው ላይ፣ በሰው እጅ ለእትዬ ሙሉመቤት ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው እህተማርያም የምትባል የደብረ ብርሃን ጎረቤት ናት። የየውብዳር እናት ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። የውብዳር ለእናቷ አንድ ናት። “በሽማግሌ አስነግሩልኝ፣ ብቻዋን እንዳትሰማው” ይላል ደብዳቤው።

መርዶ እንደሌላ ወሬ በመንገድ አይነገርም። ቀን ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው። ቀን መራጯ እትዬ ሙሉመቤት ነበሩ። “የመጨረሻ ፈተናዋ ወር ቀርቶታል። አሁን ብንነግራት ስድስት ዓመት የለፋችበት ገደል ገባ። ፈተናዋን ትጨርስ፤ እስከዚያ ሆድ ይፍጀው” አሉ። ሁሉም አዎ አለ። ባንታየሁም አዎ አለ። እዚህ ላይ ማንም አይወቅሰው፤ ልማዱ ነው፣ ርኅራኄም ነው።

የሚወቀሰው በኋላ ባደረገው ነው።

በሦስተኛው እሑድ የውብዳር “ጥናት ራሴን አዞረኝ፣ ንጎንግ ይውሰዱኝ” አለችው። ዕለቱ የእናቷ አርባ የሚውልበት ነበር፤ ባንታየሁ በጣቱ ቆጥሮ ያውቀዋል። ጉልበቴን አሞኛል ብሎ መቅረት ይችላል። እትዬ ሙሉመቤት ግን “ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዱ አፉ ሳያመልጠው ይዘህልኝ ጥፋ” አሉት፤ እሱም ደስ አለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደስ አለው። ተራራውን ፈልጎ ነበር፣ የልጅቷንም ሳቅ ፈልጎ ነበር።

የተሳፈሩበት ማታቱ ንጎንግ ከተማ ጣላቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አናት ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ነጠላዋን ሊነጥቃት ታገለ፤ እሷም እየሳቀች ታገለችው።

“ጋሼ፣ አገራችን በየት በኩል ናት?”

ባንታየሁ የድሮ ሙያው ተነሣበትና ክንዱን ዘረጋ። “ያ ከደመናው በላይ የሚታየው የኬንያ ተራራ ነው። ከእሱ ትንሽ በስተግራ ብትሄጂ፣ ብትሄጂ፣ ደብረ ብርሃን ነሽ።”

የውብዳር በዚያው አቅጣጫ ቆመች፤ እጇን አፏ ላይ ከልላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። “እማዬ! እማዬ! ልመረቅልሽ ነው!” ከብት የሚጠብቅ አንድ የማሳይ ሽማግሌ ዞሮ አያት። እሷ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። “ሰምታኛለች” አለች።

ባንታየሁ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ስለ ወፍ፣ ስለ ድንጋይ፣ ስለ ጎሽ ዱካ ሳያቋርጥ ለፈለፈ፤ ዝም ካለ ምሥጢሩ የሚያመልጠው መሰለው።

ፈተናው አለቀ። መርዶው ሊነገር ሲል አዲስ ጣጣ መጣ። “የእናቷ አርባ አልፏል ብንላት ልጅቷ ታብዳለች” አሉ እትዬ ሙሉመቤት። “ቀኑን ገፋ እናድርገው፤ አርባዋን ራሷ ታውጣላት። እግዜር እንደሆነ ለማን እንደተጸለየ አይጠፋውም።” ለእህተማርያምም እንደዚያው ብላ እንድትጽፍ ተላከባት። እናትየው ንጎንግ በተወጣ በሦስተኛው ቀን እንዳረፉ ተደረገ። ቄሱ አልተጠየቁም።

ጎሕ ሲቀድ ሄደው አረዷት። ለቅሶው በረድ ሲል፣ ፊቷ አብጦ፣ ከተቀመጡት ሰዎች ሁሉ መርጣ ባንታየሁን አየችው። “ጋሼ፣ ንጎንግ የወጣን ዕለት እማዬ ነበረች ማለት ነው?”



“ነበረች” አለ ባንታየሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ።

ያቺ ቃል ዓመት ሙሉ የእግር እሳት ሆነችበት። የውብዳር ተመረቀች፣ ሥራ ያዘች፣ ከሏን ግን አላወለቀችም። ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ “ከመሞቷ በፊት ከተራራ ላይ ጠርቻታለሁ፣ ጋሼ ባንታየሁ ምስክሬ ናቸው” ትላለች። ምስክሩ በዚህን ጊዜ ወይ ውኃ ሊጠጣ ይነሣል፣ ወይ ጫማውን ያስራል። እሑድ እሑድ ብቻውን መሄድ ጀመረ፤ ጦጣዎቹም ዛፎቹም ጣዕማቸው ጠፋበት። የሚያብሰለስለው የተሰጠው ትእዛዝ አይደለም። ዝም በል ተብሏል፣ ዝም አለ። ደስ ይበልህ ያለው ግን ማንም አልነበረም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፤ ያ የተገፋው ቀን። የውብዳር ከቅዳሴ ስትወጣ “እዚያ ልሂድ፤ በሕይወቷ ሳለች ለመጨረሻ ጊዜ የጠራኋት እዚያ ነው” አለችው። ሄዱ። አናቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ጸሎት ልትጀምር ስታማትብ ባንታየሁ መቻል አቃተው።

“የውብዳር፣ ቀኑ ይሄ አይደለም።”

ሁሉንም ነገራት። ደብዳቤውን፣ ፈተናውን፣ የተገፋውን ቀን፣ ያን እሑድ አርባቸው እንደነበረ። አንድ አላስቀረም። እሷ አላለቀሰችም። ዓመት ሙሉ ስትደገፍበት የኖረችው ነገር ከሥሯ ሲናድ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

“በአርባዋ ነው የሳቅሁት?”

“በአርባቸው ነው።”

“እያወቁ ከጎኔ ቆመው ነበር?”

“ቆሜ ነበር።”

 ከዚያ ጠየቀችው፣ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣ ምነኛ በተሻለው! “ዛሬ ለምን ነገሩኝ ጋሼ? ለእኔ ብለው ነው?”

አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። ሁለተኛ ሊዋሻት ግን አልሆነለትም።

“አይደለም። ለራሴ ነው። ከብዶኝ ነው።”

የውብዳር ነጠላዋን ጠበቅ አድርጋ ቁልቁለቱን ብቻዋን ተያያዘችው። ባንታየሁ ሊከተላት ብድግ ሲል፣ ያ ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር እውነትም እንደ ለቀቀው፣ ትንፋሹ እንደ ቀለለው አወቀ። በዕድሜው እንደዚያ ያፈረበት ቀን የለም።